ስፖንጁ ልክ የገባ ዕለት

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ አየር ጤና ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። የጆሮ ማዳመጫዬ ጫፍ ላይ ያለው አዲስ ስፖንጅ ጆሮዬ ውስጥ ባስገባሁት ቁጥር ሾልኮ እየወጣ አናዶኛል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሲታዘቡኝ ቆይተው «ዝም ብሎ አይገፋም ልጄ!» አሉኝ። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈትል ፋብሪካ የሠሩት የማሽኑ ጩኸት እንዳይጎዳቸው ጆሯቸውን በእንዲህ ያለ ስፖንጅ ደፍነው ነው።

«በጣትህ አሽተህ አቅጥነው። ጆሮህን ወደ ላይ ሳብና አስገባው። ተነፍቶ ቀዳዳውን እስኪሞላ ያዘው።»

በሁለቱም ጆሮዬ እንዳሉኝ አደረግኩ። የሞተሩ ድምፅ፣ የወያላው ጩኸት፣ ሁሉም ጭጭ! ሎተሪ የደረሰው ሰው እንደኔ አይፈነድቅም። ዞር ስል የእማማ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ታክሲው በሙሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

አንዱን ነቅዬ «ምን አሉኝ እማማ?» አልኳቸው።

«የሰደብኩህን ሰማህ?»

«ኧረ አልሰማሁም!»

«በል ልክ ገብቷል፤ አሁን ዘፈንህን ክፈት።»