ማር በሚስማር

ልጅ እያለሁ፣ ኮልፌ ሰፈራችን ውስጥ እንደ ታላቅ ወንድሜ እንደ ሀብታሙ የሚጮህ ሰው አልነበረም። ሲጣላ አይደለም፤ ሲዘፍን ነው። እሱና ጓደኛው ኑሪ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ባንድ አቋቁመው ነበር። ሁለት ሰው ባንድ ይባላል ወይ እንዳትሉኝ፤ እነሱ ብለውታል። ስሙንም «ማር በሚስማር» አሉት።

ሟቹ አባታችን ከተወልን የድሮ የፍቅር ዘፈን ካሴቶች አንዱን ይመርጡና መጀመሪያ በወጉ ይጫወቱታል። ሀብታሙ የአባዬን ሰፊ ኮት ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስለ ዓይኗና ስለ አንገቷ ይለማመጣል። ልክ አንጀታችሁ መንሰፍሰፍ ሲጀምር፣ ኑሪ ከጥቁር ክር የተሠራ ፀጉሩን እያወዛወዘ ጀሪካኑንና የብረት ትሪውን ይወቅጠዋል፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ ሀብታሙም ያችኑ ልጅ ሊበላት የመጣ ይመስል በዚያው ግጥም ያገሳባታል። ትራሽ ሜታል የሚሉት የፈረንጅ ሮክ ነው፤ ከሄቪ ሜታልም የባሰበት፣ ፈጣኑ። ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ትምህርት ቤታችን ለክረምት ሊዘጋ ሲል ሲጫወቱ ዳይሬክተራችን ሳይቀሩ እንባቸውን በመሀረብ ጠርገዋል።

እኔ ቋሚ ተመልካች ነበርኩ። አምፕሊፋየሩ ሲግል ክፍሏ የተቃጠለ ላስቲክ ትሸት ነበር፤ ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ደስ ይለኛል። ሀብታሙ ሆዴን በጣቱ እየወጋ «አየሩን ከዚህ ሳቢው! በጉሮሮሽ ከጮህሽ ነገ ድምፅ የለሽም» ይለኛል። ትከሻው ሳይነሳ ሆዱ ብቻ ከተነፋ የአውሬው ድምፅ ሊመጣ ነው ማለት ነው።

እማዬ ይሄን አታውቅም። አባዬ ከሞተ በኋላ ጌታን አግኝታ ነበር፤ ጊታሩንም የገዛችለት መዝሙር እንዲለማመድበት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቸርች ስለምትውል የእነሱ ልምምድ ያኔ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን የቤት ለቤት ጸሎቱ ተራ የእኛ ሆነና የሴቶቹን የጸሎት ቡድን ይዛ መጣች። እነ ሀብታሙ ደግሞ ቤቴል ሰፈር አንድ አዳራሽ ተጋብዘው፣ የመጀመሪያ እውነተኛ መድረካቸው ሊደርስ ሳምንት ቀርቷቸው ነበር፤ ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ይጮሃሉ። ሴቶቹ ግቢ ገብተው ያንን ድምፅ ሲሰሙ የሰው አልመሰላቸውም። በሩ ተበረገደ።

«በኢየሱስ ስም! ስምህ ማነው?» አሉ የቡድኑ መሪ፣ እህት አልማዝ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

«ሀብታሙ ነኛ! እህት አልማዝ፣ ያውቁኝ የለ እንዴ?»

«አንተን አይደለም! ውስጥህ ያለውን ነው!»

ኑሪ ፀጉሩን አውልቆ ወደ በሩ መንሸራተት ጀመረ። «አንተስ?» ሲሉት «እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ሙስሊም ነኝ» ብሎ ተፈተለከ።

«እማዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለ ሀብታሙ። «ዘፈን ነው። የአባዬ ዘፈን።»

ይሄን ማለት አልነበረበትም። እማዬ የአባዬን ኮት ላዩ ላይ አየችው። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ አባቱን ወሰድክ፤ እሱን እንኳ መልስልኝ» እያለች አለቀሰች። ቀብሩ ላይ እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም።

ሴቶቹ ከበው ይጸልያሉ። ሀብታሙ እማዬን ያያታል። ከዚያ ትከሻው ሳይነሳ ሆዱ ተነፋ። «ወጣሁ! ለቀቅኩት! ወጣሁ!» ብሎ አገሳና ወደቀ። ጭንቅላቱን ሲሚንቶው እንዳይመታው ክንዱን ቀድሞ አስገብቷል። ሳቄ አመለጠኝ። እልልታው ቀለጠ። እማዬ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ስትስመው፣ እንባው በጆሮው በኩል ሲወርድ ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ።

እሁድ ቸርች መድረክ ላይ ቆሞ ከጋኔን ነፃ እንደወጣ መሰከረ። ቤቴል የሚጫወቱበት ቀን ኑሪ ለባብሶ በራችን ላይ መጣ።

«ሀብትሽ፣ ሰዓት ሄደ እኮ!»

«አልችልም። ድጋሚ ከጮህኩ ጋኔኑ ሰባት ሆኖ ተመለሰበት ነው የሚሉት። እማዬ ትሞትብኛለች።»

«ውሸቴን ነው በላታ!»

«ምን ብዬ? ጌታ አላዳነኝም ልበላት?»

ኑሪ ዞሮ ሄደ። ባንዱ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ሀብታሙ አየር ጤና ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። እሁድ እሁድ ኳየር ውስጥ ከኋላ ቆሞ በቀስታ ይዘምራል። ያቺን ክፍል ተከራይ ገብቶባታል፤ ጸጥ ያለ ሰው ነው። እማዬ አሁንም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሪኩን ታወራለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ላፈርጠው ይቃጣኛል። ከዚያ ፊቷን አያለሁ። እንደዚህ ያለ ደስታ ሌላ የላትም። አፌን እዘጋለሁ፤ ያናድደኛል ግን።

ባለፈው ወር ስልኬ ላይ አንድ የፈረንጅ ባንድ አየሁ። የድሮ ለስላሳ ዘፈን በትራሽ ሜታል እየፈጩ አዳራሽ ሙሉ ሰው በሳቅ ያስዘልላሉ፤ ቁርጥ እነ ሀብታሙን። ሱቁ ሄጄ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አየው፤ አልሳቀም።

«ከበሮውን ኑሪ ይበልጠው ነበር» አለ።

«አንተስ?»

ስልኩን መለሰልኝ። «አጥፊው በቃ፤ ደንበኛ መጣ።»

ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ማንም አልነበረም።