ዘይት ያልወጣበት ሞተር

እኔና ጋሽ ቆይ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ሠርተናል። በዚህኛው ወገን ብረት የምሞርድበት የኔ ቶርኖ ቤት፣ በዚያኛው የእሱ ጋራዥ። ስሙን ያወጣንለት እኛው ጎረቤቶቹ ነን። ደንበኛ ሲያጣድፈው «ቆይ»፣ ሞተር ሲያንኳኳ «ቆይ»፣ ለምሳ ሲጠሩት «ቆይ» ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ተረት እንደ ሕግ ይዞት ኖሯል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ቶሎ ይነደኛል፣ ቶሎ ይበርድልኛል። ሳንጣላ የኖርነውም ለዚህ ይሆናል።

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ወሯ ነው። መጀመሪያ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ኋላ መቀሷን ይዛ ጋራዡ ገባችና በጓሮው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጓርኒሲዮን ስትቆርጥ ኖረች። ጓርኒሲዮን ማለት በሁለት የሞተር ብረቶች መሃል ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ወፍራም ወረቀት ነው። ሌላው ጋራዥ ከሱቅ ሲገዛ እነሱ ቤት የምትቆርጠው እሷ ነበረች። ለየሞተሩ ዓይነት ከካርቶን ልክ አውጥታ፣ እንደ ቀሚስ ልክ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅላዋለች። እሱ ብረቱን ያጥባል፣ እሷ ወረቀቱን ታቀብለዋለች፤ ብዙም አይነጋገሩም ነበር።

የቀብሯ ዕለት አላለቀሰም። ሳምንት ሳይሞላ ጋራዡን ከፈተ። ሰዉ «ልቡ ድንጋይ ነው» ብሎ አማው፤ እኔም ለአንዱ ሐሜተኛ የማይጻፍ ነገር መለስኩለት። የማየውን አያለሁ፤ ሰውየው መፍቻ ያነሣና ለምን እንዳነሣው ይረሳል። አንድ ቀን ግድግዳዬን ተደግፎ ቆመ።

«እጄ ከእሷ ጋር የሄደ ይመስለኛል» አለኝ። «ይሄን የሚኒባስ ሞተር ገጥሜ ልሞክር። እምቢ ካለኝ የጋራዡን ቁልፍ ለአከራዩ እመልሳለሁ።»

ሚኒባሱ ተማሪ የሚያመላልስ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ነበር፤ ዋናውን ዘንግ ሞርጄ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀስ እያለ ገጠመው። ማክሰኞ ጧት ሾፌሩ መጣ፤ ወሬ የሚወድ፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው። ሦስታችን ቆመን ጋሽ ቆይ ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሣ፤ ድምፁም ያምር ነበር። የዘይቷ ቀይ መብራት ግን አልጠፋችም። እስከ አምስት ቆጠረና ሞተሩን አጠፋው። ዘይት የማይደርሰው ሞተር ብረት ለብረት ይበላላል፤ ጥቂት ቢቆይ የሦስት ሳምንቱን ድካም ውሃ በላው ማለት ነው።

«መብራቷ ተበላሽታ ይሆናላ» አለ ሾፌሩ።

«ቆይ።»

የዘይቱን መጠን አየ፤ ሙሉ ነው። ለመብራቷ የሚነግራትን ዕቃ ከሞተሩ ላይ ፈታና በቦታው የግፊት መለኪያ አሰረበት። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አውጥቶ ሞተሩ ሳይነሣ በባትሪ ብቻ አዞረው። የመለኪያው ቀስት ንቅንቅ አላለም።

ያኔ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «ዘንጉን አብዝተው ሲሞርዱት ዘይቱ በክፍተቱ ያመልጣል ይላሉ። እንደሱ እንዳይሆን?»

ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ግን ልኩን ሁለቴ ነበር ያየሁት፣ ሦስቴ ማየት ነበረብኝ።

ጋሽ ቆይ ጎንበስ ብሎ የዘይቱን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈታና ገለበጠው። ጠብ የሚል የለም። ጣቱን አስገብቶ አወጣ፤ ደረቅ ነው።

«ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ዘይቱ የሚያመልጠው ይሄን ካለፈ በኋላ ነው» አለው ሾፌሩን። «እዚህም አልደረሰም።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው። በኔ ሊያላክክ ይችል ነበር፣ ሾፌሩም ያምነው ነበር።

ፓምፑ አየር ይዞ ይሆናል ብሎ ዘይት ሞላበት፤ ያው ነው። የዘይት ማጠራቀሚያውን ከሥር አውርዶ መምጠጫ ቱቦውን አየ፤ ደህና ነው። ከፓምፑ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ያልታየ አንድ ነገር ቀረ፤ ፓምፑን የያዘው የፊት ክዳንና ከኋላው ያለው ጓርኒሲዮን። እሷ ስለሌለች ያን ጓርኒሲዮን በካርቶን ልኳ የቆረጠው ራሱ ነበር። ብሎኖቹን እየፈታ ሲያቀብለኝ፣ ጥፋቱን የኔ አድርገው እያልኩ ፈጣሪዬን ለመንኩ። እኔ ባጠፋ ተሳድቤ እረሳዋለሁ፤ እሱ ግን አይረሳውም።

ክዳኑ ሲላቀቅ ወረቀቱ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አሥራ አራት የብሎን ቀዳዳ አለው፣ ሁሉም ጥርት ብሎ የተበሳ። በስተግራ፣ ዘይቱ የሚያልፍባት የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ መኖር ባለባት ቦታ ግን ወረቀቱ ድፍን ነው። ፓምፑ ሲገፋው አብጧል። መሃሉ ላይ አንዲት የእርሳስ ነጥብ አለች።

ጋሽ ቆይ ጓሮ ገብቶ የካርቶኑን ልክ ይዞ መጣ። እዚያም ላይ አሥራ አራት ቀዳዳና አንዲት የእርሳስ ነጥብ። ከዚሁ ሞተር የወጣውን፣ ከዓመታት በፊት እሷ የቆረጠችውን አሮጌ ጓርኒሲዮን ከቅርጫት አንሥቼ ካርቶኑ ላይ ደረብኩት። ቀዳዳው ልክ ነጥቧ ላይ አረፈ። ለዚያች ትንሽ ቀዳዳ የካርቶኑን ልክ አታምነውም ነበር ማለት ነው። በነጥብ ታመለክትና ወረቀቱን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ ዘይት በነካው አውራ ጣቷ ተጭና፣ ቦታውን ካረጋገጠች በኋላ ነበር የምትበሳት።

«ነጥቧንም ገልብጫታለሁ» አለ ጋሽ ቆይ። «የሷ የሆነ ነገር እንዳይቀር ብዬ፣ እርሳስ ቀርጬ፣ ነጥቧን ሳይቀር ገለበጥኩ። ምን እንደሆነች ግን አላወቅኩም። ይሄን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ስትሠራ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።»



ጋሽ ቆይ ሌላ ወረቀት ቆረጠ። ብረቱ ላይ ለጠፈው፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ወረቀቱ ላይ የታተመውን የቀዳዳዋን ክብ ተከትሎ በሳው። ከሰዓት በኋላ ሁሉን መልሶ ገጥሞ በባትሪ ሲያዞረው የመለኪያው ቀስት ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ሞተሩን አስነሣው፤ ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሾፌሩ «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ተማሪዎቹ ሳይለቀቁ ለመድረስ እየተጣደፈ ሄደ።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር አላስቻለኝም። «እና ቁልፉን ልትመልስ ነው?» አልኩት።

ካርቶኖቹን በሙሉ ከግድግዳው እያወረደ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋቸው። ከአርባ ይበልጣሉ። አንዱ ላይ አንድ ነጥብ አለ፣ አንዱ ላይ ሦስት፣ አንዱ ላይ በነጥብ ፈንታ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት።

«የትኛው ምን እንደሆነ አላውቅም» አለ። «አንድ ባንድ ከየሞተሩ ጋር ማየት አለብኝ። ዓመት ይፈጅብኛል።» ወንበሯ ላይ ቁጭ አለና ዘይት በነካው እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም፤ አይተኸኛል። ዛሬ ነው የሞተችብኝ።»