የጀልባዋ ሳሎንና ጓዳ

ባለቤቴ ጀልባ ልግዛ ሲል መጀመሪያ የመጣብኝ ውኃው አይደለም፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚላት ነገር ናት። ሲያትል ከገባን ጀምሮ ያቺ ቃል ከአፉ ጠፍታ አታውቅም። ሰባት ሰው በሚይዘው ቫናችን ከለቅሶ ቤት ስንመለስ ዘጠኝ ሆነን የተጫንንበት ቀን አለ፤ አንዷ ሴትዮ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ሰፈራችን ኦቴሎ ድረስ መጣች። ሰው በር ላይ ቆሞ «ቦታ አለ?» ካለው፣ ባለቤቴ የለም ማለት አይችልም። ይሉኝታው አይጣል ነው። መኪና ቢሞላ ፖሊስ ይቀጣል፣ ያልፋል። ጀልባ ሲሞላስ? እሱም እኔም ዋና አንችልም።

ዓሣ ማጥመድን ያስለመደው አብሮት አውቶቡስ የሚነዳ ጓደኛው ነው። ሁለት በጋ ሙሉ ሐይቁ ዳር ቆመው ባስ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምዱ ከረሙ። የሚያናድደኝ ደግሞ ይይዙትና መልሰው ይለቁታል። «ልትለቀው ከሆነ ለምን ትይዘዋለህ?» ስለው፣ «ደስታው መያዙ ላይ ነው» ይለኛል። ኦኬ፣ ደስ ይበለው፣ ዳር ቆሞ እስከሆነ ድረስ ምን ቸገረኝ። «ትልልቆቹ ያሉት መሀል ነው» ማለት ሲጀምር ግን ሆዴ ፈራ።

ባል ልቡ የተነሳበትን ነገር በጭቅጭቅ አይተውም። ሶ፣ ከቀረሁ የባሰውን ይዞ ይመጣል ብዬ አብሬው ልመርጥ ሄድኩ።

የመጀመሪያዋን ያየነው ሊንውድ፣ ያገለገሉ ጀልባዎች የሚሸጡበት ግቢ ውስጥ ነው። ሻጩ መሰላል አቀረበልንና ወጣን። ባለቤቴ ምንጣፉን አይቶ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ክንዱን ያዝኩት። የፊቱ ወለል ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ አንድ ወጥ ሜዳ ነው፤ ደረጃ የለው፣ መደገፊያ የለው። ሰው ቆሞ መንጠቆ እንዲወረውርበት ነው አሉ። ባለቤቴ ከጫፍ ጫፍ ተራመደና ፊቱ በራ። «እዚህ ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል መሰለሽ» አለኝ። እኔም የፈራሁት ይቺኑ ነበር።

ክዳኖቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አየሁ። ወለሉን ዝቅ ስላደረጉት ከሥሩ ያሉት ማስቀመጫዎች ጥልቀት የላቸውም። የማጥመጃ ዘንጎቹ ውስጥ አይገቡም፤ እዚያው ወለሉ ላይ በቀበቶ ታስረው ነው የሚሄዱት። ሰው ውኃ ላይ ለሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬት ነው ብሎ ሻጩ ያሳየኝ ሳጥን አንዱን ቢውጥ ነው፤ የቀረው ወንበር ሥር ይወሸቃል። በተፈለገ ቀን ማን ጎንበስ ብሎ ይጎትተዋል?

«ሳሎኗ ሰፊ ነው፣ ጓዳ ግን የላትም» አልኩት።

«እንግዳ የሚቀመጠው ሳሎን ነው እንጂ ጓዳ ነው እንዴ?» አለኝ።

የዚያን ቀን ቤት እስክንገባ እኔ በልቤ ያንን ወለል በሰው ስሞላው ነበር። የማኅበሩ ሰዎች፣ የጎረቤቱ ልጆች፣ ምግብ በሳህን የያዘች ሴት፣ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብለው፣ ውኃው ደግሞ እስከ ጠርዙ።

ሁለተኛዋ ቤልቪው፣ አንድ ኢንጂነር ጋራዥ ውስጥ ነበረች። የባለቤቴ ጓደኛም አብሮን መጣ። የዚችኛዋ ወለል ከፍ ያለ ነው፤ ቆመው የሚወረውሩበት ቦታ ፊት ላይ ጠበብ ይላል፤ መቀመጫዎቹ ደግሞ ጠልቀው መሀል ላይ ናቸው፣ ሰው ሲቀመጥ የጀልባዋ ጎንና ጎን ደረቱ ድረስ ይይዘዋል። በአንድ በኩል ዘንጎቹ ተዘርግተው የሚተኙበት ረጅም ሳጥን አለ። በሌላው በኩል የመንጠቆው ኮተት ሁሉ ይገባል። ከኋላ የተያዘው ዓሣ እስኪለቀቅ በሕይወት የሚቆይበት የውኃ ገንዳ፣ ከመሪው አጠገብ ደግሞ ለላይፍ ጃኬት ብቻ የተተወ ደረቅ ሳጥን። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩት፤ ታቹን አልነካሁም። መሪው ሥር የተለጠፈችው ብረት ከሦስት ሰው በላይ እንደማይጫን ትናገራለች። እሷን ሳነብ ልቤ ትንሽ አረፈ።

ከዚያማ ከባለንብረቱ በላይ ሻጭ ሆንኩ። እዩት ክዳኑን፣ እዩት ማጠፊያውን፣ ዕቃ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ። ጓደኛውም ሳያውቅ አገዘኝ። «እውነቷን ነው፤ ወለል ላይ የተዘረጋ ዘንግ እግር ይጠልፋል፣ እዚህ ግን ሁሉም ከሥር ይገባል» አለ። ባለቤቴ ራሱን እያከከ ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ሰው ቢመጣስ?» አለ።

«ዳር ቆሞ ይመርቅሃል።»

«ይቀየማል።»

«ይቀየም። ተቀይሞ የሞተ ሰው የለም።»

ገዛናት። ከሦስት በላይ አንድም ሰው ላያሳፍር ማለልኝ። እኔ ግን መሐላውን ሰምቼም እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሳምንቱን በሙሉ ልብስ ሳጥፍም፣ ሥራ ቦታም፣ «እምቢ በል፣ ዝም ብለህ እምቢ በል» እያልኩ ለብቻዬ ሳወራ ሰነበትኩ።

መጀመሪያ ውኃ ላይ ባወረድናት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ነበርን፤ ባለቤቴ፣ ጓደኛውና እኔ። ውኃ እየፈራሁ የገባሁት ልጠብቀው ብዬ ነው። ሰው ቢመጣ እኔ እመልሳለሁ፣ እኔ ክፉ ልባል ብያለሁ። ላይፍ ጃኬቴን ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አጥብቄ አስሬ ቁጭ አልኩ።

ባለቤቴ ገመዱን ሊፈታ ሲል ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው በእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ብቅ አሉ። ጋሼ ባለቤቴ አሜሪካ የገባ ጊዜ ኤርፖርት የተቀበሉት፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቤታቸው ያኖሩት ሰው ናቸው። መሰማቱ አይቀርም፣ ሰምተዋል።

«ቤት ለእንቦሳ» አሉ ጀልባዋን እያዩ።

«እንቦሳ እሰሩ» አልን፣ ሳቅን። ከዘራቸውን አንስተው መረቁን። ከአውሎ ይሰውራችሁ አሉ፣ አሜን አልን። ከዚያ ግን አልሄዱም።

«ሰው ታሳፍራለች ይቺ?» አሉ።

ጓደኛው የታሰረውን ገመድ እንደገና ማየት ጀመረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ ሁላችንም ምን እንደጠየቁ ገብቶናል። እኔ ልመልሳቸው የነበርኩት ሴትዮ የላይፍ ጃኬቴን ቀበቶ ማጥበቅ ያዝኩ። ባለቤቴ እሳቸውን አየ፣ ባዶ ያልሆኑትን ሦስት ወንበሮች አየ። ጠጋ ጠጋ በሉ ሊል ነው ብዬ የጀልባዋን ጠርዝ ያዝኩ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ውረጂ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ስንት ዓመት እምቢ በል ብዬ የጨቀጨቅኩት ሰው፣ ይኸው ተማረ፤ የጀመረው ግን ከእኔ ነው። ደግሞ ምን እላለሁ? ሦስት ያልኩት እኔ፣ ያስማልኩት እኔ።

ጋሼ «ኧረ ተዉ ልጆቼ፣ እሷ ከወረደች እኔም ይቅርብኝ» አሉ።

«ይግቡ ጋሼ፣ እኔን ነፋሱ አይስማማኝም» አልኩ። ላይፍ ጃኬቱን አውልቄ አለበስኳቸው። ካፖርታቸው ላይ አልደርስ ቢል ቀበቶውን ለቀቅ አደረግኩት። ባለቤቴ በዓይኑ ይለምነኛል፣ እኔ እንዳላየ ሆንኩ። ከሰው ሁሉ መሀል ውረጂ ማለት የሚችለው እኔን ብቻ ነው። ሌላው እንግዳው ነው፤ እኔ እሱው ነኝ።

ሞተሩ ተነሳ። ሲርቁ ሦስት ራስ ቆጠርኩ፣ ልክ ናቸው፣ የለመንኩት ሁሉ ሆኗል። እኔ ግን እዚያው እርጥብ እንጨት ላይ ተቀመጥኩ። ለካ አብሬው የገባሁት ልጠብቀው ብዬ አልነበረም። እሱ ውኃው ውስጥ ቢሰጥም ዳር ላይ ብቻዬን እንዳልቀር ነበር።