እንዳይጸድቁ የተደረጉ ቁራጮች

እናቴ ፉክሲያን «ጉትቻ» ብላ ትጠራዋለች፤ አበባው ከቅርንጫፉ ቁልቁል ስለሚንጠለጠል። በቦሌ ሚካኤሉ ግቢያችን፣ በውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ ቁመቱ ትከሻዬ ድረስ የሚደርስ አንድ ተክል ነበራት። ከልጆቿ አንዱ የራሱን ቤት ሲይዝ ከዚያ ተክል ቁራጭ ታጸድቅለታለች፤ ባለቤቱም ራሱ መጥቶ ከእጇ ይቀበላል። ታላቅ ወንድሜ ሲኤምሲ ቪላ ሲገዛ የተሰጠውን በአንድ በጋ አድርቆታል። ለእኔ አልተሰጠኝም፤ ከእናቴ ቤት ወጥቼ አላውቅምና።

ታናሽ ወንድሜ የካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣለት ተራው የእሱ ሆነ። የእናቴ እጆች መንቀጥቀጥ ጀምረው ስለነበር መቁረጡ ለእኔ ተተወ። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው የዕፅዋት ሥነ ሕይወት ነው፤ ሥራው አይከብደኝም። አበባ ያልያዘ ለጋ ጫፍ ይመረጣል፤ ከአንጓው ዝቅ ብሎ በምላጭ ይቆረጣል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሳሉ፤ አሸዋ በበዛበት አፈር ተተክሎ በግማሽ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ይደፋበታል። የሚፈልገው እርጥበት እንጂ ውሃ አይደለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥር ያወጣል።

የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ሥር ሳያወጡ ታናሽ ወንድሜ ወደ ሥራ ቦታው ሲጓዝ በመኪና አደጋ ሞተ።

የእናቴ ልብ ድንጋጤ እንደማይችል ሐኪሟ ቀደም ብሎ ነግሮን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዘመዶችን ሰብስቦ መርዶው ይቆይ ብሎ ወሰነ። ልጇ ኔትወርክ በማይደርስበት ጠረፍ መንገድ እየሠራ ነው ተብሎ ይነገራት ተባለ፤ ጎረቤቱም ሁሉ ይህንኑ እንዲል ተለመነ። ታላቅ ወንድሜም «አንቺ አጠገቧ ስላለሽ ነገሩን ያዢው» ብሎኝ ወደ ሲኤምሲ ተመለሰ። ለቅሶው የካ አባዶ፣ ሚስቱ ዘንድ ተደረገ። ጥቁር ልብሴን ቢሮዬ ለብሼ እሄዳለሁ፤ ስመለስም እዚያው አወልቃለሁ።

እናቴ በየቀኑ የምትጠይቀኝ ስለ ቁራጮቹ ነበር። ሲጸድቁ ልጇ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከጠረፍም ቢሆን፣ ሊወስድ ይመጣል፤ ይህን እንደ ቀጠሮ ይዛዋለች። ስለዚህ መጽደቅ አልነበረባቸውም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት አፈሩ ጭቃ እስኪሆን ውሃ አፈስባቸዋለሁ። ግንዳቸው ከሥሩ ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ይልመሰመሳል። እነዚያን ጥዬ ሌሎች እተክላለሁ፤ ሌሎቹንም እንደዚያው አደርጋለሁ። ታላቅ ወንድሜ በስልክ እናታችን እንዴት እንደሆነች ሲጠይቀኝ ደህና ናት እለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ መስማት አይፈልግም ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጧፍ የምትሸጠው ጎረቤታችን አንድ ቀን ልትጠይቃት መጥታ የጠቆሩትን አየችና ሳቀች። «ዶክተሯ እየነካችው ነዋ የሚሞተው። መጽሐፍ ሲገልጥ የኖረ እጅ ምን ያበቅላል?»

እናቴ አልሳቀችም። «እሷስ የምታደርገውን ታውቃለች» አለች። «ያለቀው የእኔ ነገር ነው። ከእንግዲህ ከእኔ የሚወጣ ነገር አይጸድቅም።»

ከዚያ ወዲህ ቁራጮቹ ወዳሉበት በረንዳ መውጣት ተወች። ምግቧንም ቀነሰች። ልቧን እንጠብቃለን ብለን የያዝነው ሥራ በሌላ በኩል ሊገድላት እንደጀመረ አይቻለሁ፤ ግን የተሻለ ውሸት አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት አልጋዋ አጠገብ ጠራችኝና ቁራጩን ተይው አለችኝ። ትልቁን ተክል ነቅዬ የካ አባዶ ለልጇ እንዳደርስለት፣ እስኪመጣም ሚስቱ እንድታጠጣው አዘዘችኝ። በአበባው ላይ ሳለ የተነቀለ ተክል ላይተርፍ እንደሚችል ነገርኳት።

«ከእኔ ጋርስ ይተርፋል?» አለች።

ሥሩን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልዬ በኮንትራት ታክሲ ወሰድኩት። የወንድሜ ሚስት በጥቁር ልብሷ በሩን ከፈተችልኝ። ማን እንደላከውና ለማን እንደተላከ ስነግራት ጆንያውን በአንድ በኩል ይዛ ወደ ሰገነቱ አስገባችው።

«እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። «ከእናቱ ጋር እንዳላለቅስ የከለከላችሁኝ እናንተ ናችሁ። እሁድ እመጣለሁ። ልብሴንም አልቀይርም።»

አልተከራከርኳትም። በጠባቧ ሰገነት ላይ አበባውንና እምቡጡን አንድ በአንድ ቀነጠስኩ፤ ሥሩ የተጎዳ ተክል ሥሩን እየጠገነ አበባም መሸከም አይችልም። ከዚያ ለታላቅ ወንድሜ ደውዬ እሁድ በማለዳ ሽማግሌዎች ይዞ ካልመጣ መርዶውን የሟቹ ሚስት ለእናታችን እንደምትነግራት አሳወቅኩት። ሐኪሙ ፈቅዷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሐኪሙን ራሱ እንዲጠይቀው ነግሬ ዘጋሁት።

እሁድ ጎህ ሲቀድ መጡ። እናቴ ተደግፋ ተቀምጣ ሰማች። አልወደቀችም። የልጇ ሚስት ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ራሷን እየደባበሰች አለቀሰች፤ ከዚያ ከሞተ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ጠየቀች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገራት። ሳምንታቱን በጣቶቿ ቆጠረችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ ደጅ ወጥቶ ስልክ ያወራ ነበር።

«እነዚያን ቁራጮች ምን አደረግሻቸው?»

«ውሃ አብዝቼ አበሰበስኳቸው» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። የተፈራለት ልቧም አልቆመም። ዛሬም በየማለዳው የደም ግፊቷን እለካለሁ፤ እጅጌዋን ራሷ ሰብስባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ክንዷን ትዘረጋልኛለች። ልኬቱ ጤናማ ነው።