ጉልበቱ የዳነበት ክረምት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረታ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ከወጣቶቹ ጋር ኳስ አያለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ እውቅ አሰልጣኝ በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ቡድኑ ሲናገር፣ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ይሄ ሰውዬ እኮ ጉድ ነው! የወደቀ ተጫዋች አንስቶ ሰው ያደርጋል» አለኝ። «እውነትህን ነው» አልኩት። ከዚያ ሰውዬ ጀርባ ለዓመታት መቆሜን አልነገርኩትም። ብነግረውስ ያምነኛል? ጸጉሬ ሸብቷል፤ ሆዴም ወጣ ብሏል።

ምክትል አሰልጣኝ ነበርኩ። ጥቂት ዓመት ስፖርት አስተምሬ፣ ኋላ ባሕር ዳር አንድ ክለብ ገብቼ የተጫዋቾቹን ጉልበትና ትንፋሽ የማዘጋጀው ሰው ሆንኩ። ዋና አሰልጣኞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ጋዜጠኛውም አብሯቸው ይመጣል፣ አብሯቸው ይሄዳል። እኔ ኳስ ስነፋ፣ የሰነፈውን ሳሯሩጥ፣ የተቀየመውን ሳባብል እቆያለሁ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ዋናው በተጫዋቾች ትከሻ ላይ ይወጣል፤ እኔ የተበተኑትን ኳሶች እለቅማለሁ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ያ ጊዜ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል።

ከሁሉም ግን አንድ ክረምት ይናፍቀኛል።

ከደቡብ የመጣ አንድ የአማካይ ተጫዋች ነበረን፤ ዝምተኛ፣ ኳስ እግሩ ስር ስትደርስ የምትረጋለት። የውድድሩ ዘመን ሊያልቅ ሲል የጉልበቱ ጅማት ተጎዳ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ ግን ረጅም ጊዜና ብርቱ ልምምድ ይፈልጋል አሉ። የክለቡ ሰዎች ውሉን ሊያቋርጡ ፈለጉ። ዋናው አሰልጣኝ፣ ያ በቴሌቪዥን ያየነው ሰውዬ፣ ጠራኝና «ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

«ክረምቱን ለእኔ ስጠኝ።»

«የት ልትወስደው ነው?»

«እናቴ ቤት።»

ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ገታና «እስከ መስከረም እሟገትልሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አፍ የለኝም» አለኝ።

ወረታ ስንደርስ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር። እናቴ ልጁ በክራንች ተደግፎ ከባጃጁ ሲወርድ አይታ በሁለት እጇ ጉንጯን ያዘች። «ወይኔ ልጄን! ማን ነው እንዲህ የመታህ?»

«ማንም አልመታኝም እማማ። ራሴ ነኝ፤ ስዞር።»

«ስትዞር? እንግዲያ ከዛሬ ወዲያ ቀስ ብለህ ዙር» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የላሟን ወተት ለእሱ ሳትሰጥ ለማንም አትቀዳም ነበር። ለእኔም ጭምር።

መጀመሪያ ወንዛዬ ወሰድኩት። ፍል ውሃው ውስጥ ከበሽተኛው ሁሉ ጋር ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። አንድ ቀን ሸምገል ያሉ ቄስ አጠገቡ ተቀምጠው «ምንህን ነው ልጄ?» አሉት።

«ጉልበቴን ነው አባ።»

«እህል ስትሸከም?»

«ኧረ ኳስ ስጫወት ነው።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡና «እኔ ስሰግድ ነው። እንግዲህ ሁለታችንንም ሥራችን ነው የጎዳን» አሉት። ከተጎዳ ወዲህ መጀመሪያ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እብጠቱ ሲጎድልለት ክራንቹን ጥሎ መራመድ ጀመረ፤ እኔም ከቤታችን በታች ወዳለው ሩዝ ማሳ አስገባሁት። የፎገራ ጭቃ እግር ይይዛል፤ ይዞ ግን አይሰብርም። እሱ እግሩን ይነቅላል፣ ይተክላል፤ እኔ ከጎኑ እሄዳለሁ። አረም የሚያርሙ ጎረቤቶቻችን ቀና እያሉ ይስቁብናል። አንዱ «ምነው፣ እንደ ወይፈን ልትገራው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እየዋለ እያደረ ግን ልጁ ራሱ ጎንበስ ብሎ አብሯቸው ማረም ጀመረ። ሩዙን ከአረሙ መለየት ሲያቅተው ሴቶቹ እጁን ይዘው ያሳዩት ነበር።

ነሐሴ ላይ ዶፍ ሲወርድ አዳልጦት ወደቀ። ቀና አደርገዋለሁ ብዬ ስጠጋ እዚያው ውሃው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። «ጋሼ፣ ይበቃኛል። አገሬ ልግባ።»

ስንት ተጫዋች ያባበልኩ ሰው፣ ያን ቀን እኔም አጠገቡ ጭቃው ውስጥ ተቀመጥኩ። እናቴ ቁልቁል ስታየን ኖሮ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች።

«ብትሄድም እግርህን ታጥበህ ነው የምትሄደው። ተነስ» አለችው።

ቤት አስገብታ፣ ውሃ አሙቃ፣ ተንበርክካ እግሩን አጠበችው። እሱ «ኧረ እማማ፣ እርስዎ አያጥቡኝም!» እያለ ቢለምናትም አልሰማችውም። በማግስቱ ስነቃ ቀድሞኝ ተነስቶ፣ ቁምጣውን ለብሶ በራፉ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

መስከረም ላይ ተመለስን። ዋናው አሰልጣኝ ልጁን አሯሯጠው፣ አዞረው፣ አስዘለለው፤ በመጨረሻ ኳስ ወረወረለት። ያን ዓመት ልጁ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ተጫወተ። አንድ ትልቅ ጨዋታ በእሱ ጎል ስናሸንፍ ጋዜጠኞች ዋናውን ከበቡት። «በዚህ ልጅ ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። የሥራዬ ምስጢር ትዕግሥት ነው» አላቸው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ካሜራው የግራ ትከሻዬን ብቻ አሳየ።

እናቴ ጎረቤት ቤት ሆና በቴሌቪዥን አይታው ኖሮ ወዲያው ደወለች። «እንዴት ያለ ሰው ነው? ወተቱንም እሱ አጠጣው?»

ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማታ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዋናው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዛሬ አንተን ማንሳት ነበረብኝ።»

«አዎ» አልኩት።

«ካሜራ ሳይ የምናገረውን አላውቀውም» አለ። እናቴ ያለችውን ነገርኩት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም የያዝኩት ቂም ከሳቁ ጋር ሟሟ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ያን ክረምት የፈቀደልኝ እሱ ነው፤ ልጁ ባይድን ኖሮ የሚጠየቀውም እሱ ነበር። ከዚያ በኋላም በቴሌቪዥን ስሜን አንስቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ትልቅ ክለብ ሲጠራው ግን «ያለ እሱ አልመጣም» ብሎ ወሰደኝ። እናቴ እስክትደክም ድረስ አብሬው ሠራሁ፤ ከዚያ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ልጁ ለረጅም ዓመት ተጫውቶ፣ አገሩ ገብቶ ወለደ። በዓል ሲመጣ መጀመሪያ የሚደውለው ለእናቴ ነበር። ስትሞት ከዚያ ሁሉ ርቀት መጣ። ለቅሶ ላይ የማያውቁት ዘመዶቻችን «የሟች ምን ነህ?» ሲሉት «ልጇ ነኝ» ይላቸው ነበር፤ ማንም አልተጠራጠረውም።

ሊመለስ ሲል ሸኘሁት። መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ እሱም ወደ አሰልጣኝነት መግባቱን ነገረኝ።

«ዋና ነህ ምክትል?»

«ምክትል ነኝ ጋሼ።»

ተያየን። እናቴን ገና መቅበሬ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ሳልል ከት ብዬ ሳቅሁ።