የላሟ ወሬ

አስካል የአሪ ገበሬ ልጅ ናት። ልጅ ሳለች አማርኛ የማትችለው እናቷ ስትታመም ጂንካ ጤና ጣቢያ አብራት እየሄደች ታስተረጉምላት ነበር፤ የእናቷ ረጅም ወሬ በእሷ አፍ ሲያልፍ ሁለት ቃል ይሆናል። ነርስ ከሆነችም በኋላ ይህን አልረሳችውም።

ከደቡብ ሱዳን ተሰድደው የመጡ ቤተሰቦች ኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው ካንጋተን ከተማ አጠገብ ሲሰፍሩ፣ ልጆቹን እንድታክም ከጂንካ ተላከች። አንዲት ትንሽ ልጅ ግራ አጋባቻት። ከረሜላ ስታሳያት ትስቃለች፤ ስሟን ሲጠሯት ግን ዞር አትልም።

"ምን ሆና ነው?" ብላ አስጠየቀች።

እናትየው እጇን እያወናጨፈች ብዙ ተናገረች። ቋንቋቸው ከስደተኞቹ ቋንቋ ጋር የሚግባባው የኛንጋቶሙ አስተርጓሚ ጋሽ ሎኩሩ ግን፣ "መንገዱ አስደንግጧት ነው" ብለው አሳጠሩት።

"ይህን ሁሉ አውርታ? የቀረውንም ይንገሩኝ እንጂ።"

"ኧረ ሲስተር፣ የላም ወሬ ነው!"

"የላሟንም ልስማዋ።"

ሎኩሩ እየሳቁ ተረጎሙላት። ልጅቷ መንገድ ላይ ጆሮዋን ይዛ ስታለቅስ ሰነበተች። ካቆመች ወዲህ፣ ላም ከኋላዋ መጥታ ልትረግጣት ስትደርስ እንኳ አትሰማም።

አስካል ጆሮዎቿን አየች፤ ሁለቱም መግል ይዘዋል። በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችላትና መድኃኒት አስጀመረቻት።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ልጅቷ ዛፍ ጥላ ሥር ትጫወታለች። አንደኛው ጆሮዋ ገና አልዳነም። እናትየው ከኋላዋ ሆና ቀስ ብላ ጠራቻት፤ ዞረች። እናትየው አላመነችም፤ ደግማ ደጋግማ ጠራቻት። ልጅቷም እናቷ ምን እንደነካት ስላልገባት ሳቀችባት።