ሟች የሌለበት ሙሾ

ቅዳሜ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ገና ጎሕ አልቀደደም። ደብረ ማርቆስ የምሄደው ቴአትር ለማየት እንደሆነ ስነግረው ሾፌሩ ሸጋው በመስታወቱ አየኝና፣ "ሌላ ጉዳይ የለዎትም?" አለኝ። የለኝም። እዚያ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ አዳራሽ ነገ ይከፈታል። የመክፈቻውን ቴአትር ያዘጋጀው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጌታሁን ነው። ቴአትር ሞተ እየተባለ ሲጻፍ ከወጣትነቴ ጀምሮ አነባለሁ። ይህን ያህል ጊዜ የሚሞት ነገር ጤነኛ መሆን አለበት።

ረፋድ፣ ደጀን

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ነበር፤ የፍሬኑ ቃጠሎ ሽታ እስከ ዓባይ ድልድይ ሸኘን። በረሃው ውስጥ ካፖርቴን አውልቄ፣ ደጀን አፋፍ ላይ መልሼ ለበስኩት። ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን። ከዚያ ሽሮ በላን። ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ ጨምሯል፣ ሳህኑ ደግሞ አንሷል።

"አምና ክረምት መንገዱ ሲዘጋ እዚሁ ተቀምጬ ሠርግም ቀብርም አለፈኝ" አለ ሸጋው እጁን እየታጠበ። "ሠርጉስ ግድ የለም፤ ሲፋቱ እደርሳለሁ።"

የቀብሩን ነገር እዚያው ትቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ

አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። የወንበሮቹ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። የጌታሁን ቴአትር የሚጀምረው በአንድ ገበሬ ቀብር ነው፤ ተዋናዮቹ በቴሌቪዥን እንደሚለቀሰው እንዲያለቅሱ ስላልፈለገ፣ ከደብረ ኤልያስ በኩል እማማ ዘርፌ የሚባሉ የታወቁ ሙሾ አውራጅ አስመጥቷል። ሴትዮዋ ቃሬዛው አጠገብ ቆመዋል፣ አፋቸውን ግን አልከፈቱም።

"ማን ይባላል?" አሉ ወደ ቃሬዛው እያመለከቱ።

"አባ ወርቁ" አላቸው ጌታሁን።

"የማን ልጅ ነው? ሚስቱስ? ጠባዩ እንዴት ነበር?"

"የለም እኮ እማማ። እኔ የፈጠርኩት ሰው ነው።"

"ካልተወለደ ምን ብዬ አለቅስለታለሁ?" አሉ። ተዋናዮቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። "ሟች በሌለበት ሙሾ ከወረደ፣ ሙሾው ሟች ይፈልጋል። እኔ በእነዚህ ልጆች ላይ አላሟርትም።"

ቃሬዛው ላይ ሬሳ ሆኖ የተኛው ተዋናይ ይህን ሲሰማ ነጠላውን ከፊቱ ገፎ ቀስ ብሎ ወረደ።

እንዲህ ባለ ክርክር ከባላገር ጋር ወግኖ ከተሜን መውቀስ የጸሐፊ ወግ ነው። እኔ ግን ከጌታሁን ጋር ወገንኩ። ቴአትር ሁሉም አውቆት የሚቀመጥለት ውሸት ነው፣ ስለዚህ ማንንም አይጎዳም አልኳቸው። አሁንም ያልኩትን አልተውኩም።

"አንተ ዋሽ፣ ልጄ" አሉኝ ሳይቆጡ። ወደ ጌታሁን ዞሩ። "እውነተኛ ሟች የላችሁም? እሱን ስጡኝ፤ ለእሱ አወርዳለሁ።"

ሁሉም ጌታሁንን አዩ። ሟችስ አላቸው። የቡድኑ ማሲንቆ ተጫዋች አያሌው፣ የጌታሁን የልጅነት ጓደኛ፣ አምና ክረምት አምበር በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ቤቱ ውስጥ አርፏል። ያኔ መንገዱ ዝግ ስለነበር ከቡድኑ ቀብሩ ላይ የደረሰ አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት ሌሎቹ ለቅሶ ደረሱ። ጌታሁን ግን ዛሬ ነገ ሲል ቆየ፣ በቆየ ቁጥርም መሄዱ ይበልጥ አሳፈረው። አምበር ቅርብ ነው፤ ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል።

"ቤቱ ደርሰህለታል?" አሉት እማማ ዘርፌ።

ጌታሁን ቃሬዛው ላይ የቀረውን ነጠላ ማጠፍ ጀመረ።

"እንግዲያስ መጀመሪያ ቤቱ።"

"ነገ ጠዋት ደርሰን ለቴአትሩ እንመለሳለን" አለ ጌታሁን፣ የተከራከርኩት ይመስል እኔን እያየ።

እሑድ፣ አምበር

ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን በኮንትራት መኪና ሄድን። እማማ ዘርፌ መንገዱን ሙሉ ስለ አያሌው ሲጠይቁ፣ ጌታሁን በአጭር በአጭሩ ሲመልስ አምበር ደረስን። ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከአጥር ውጭ ድምፁን አሰምቶ ነው የሚገባው። ጌታሁን ስንቱን ሰው መድረክ ላይ ማልቀስ ያስተማረ ነው፤ የአያሌው በር ላይ ግን ትንፍሽ ማለት አቃተው። እማማ ዘርፌ ትንሽ ጠበቁትና ራሳቸው ጀመሩለት፦

ማሲንቆው ተሰቅሎ ከጎጆው ግድግዳ፣
ማን ይቀበለዋል ሲመጣ እንግዳ።

ያኔ ጌታሁን ጮኾ አለቀሰ። የአያሌው ሚስት፣ አዛለች፣ ወጣች። አጥሩን ይዛ አየችው።

"ጌታሁን፣ መንገዱ ተከፈተ?" አለችው።

ከበሩ ዞር ብላ አሳለፈችው።

ሙሾውን የሰማ ጎረቤት አንድ በአንድ መጣ። ለቅሶ ያስነሳ ሰው ደግሞ የመጣው ሁሉ አልቅሶ ሳይወጣ አይነሳም፤ የአገሩ ደንብ ነው። እኩለ ቀን አለፈ። አያሌው ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ትቶ አማቷን ሲያወድስ እንዳመሸ ጌታሁን ሲያወራ አዛለች ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅም ወደ ለቅሶ ዞረ። እኔ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። ጌታሁን አላየም።

ስልኩ ጮኸ። አየውና ሳያነሳ ለእኔ ሰጠኝ። ወደ ደጅ ወጣሁ። የደወለው ለአዳራሹ አዲስ የተመደበው ኃላፊ ነው።

"አዳራሹ ሞልቷል፣ እንግዶች ተቀምጠዋል። የት ነው ያላችሁት?"

"ጌታሁን ለቅሶ ላይ ነው" አልኩት።

"ማን ሞተበት?"

"ጓደኛው። እንደ ወንድሙ ነበር።"

ከኋላው የሕዝቡ ጫጫታ ይሰማኛል። አንድ ሰው ከበሮ ይሞክራል።

"ነፍስ ይማር" አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተለውጧል። "ዛሬ ነው ያረፈው?"

በበሩ ወደ ውስጥ አየሁ። ጌታሁን መሬት ላይ፣ ከአዛለች እግር ሥር ተቀምጧል፤ እማማ ዘርፌም አዲስ ለመጣ ጎረቤት ሙሾውን እንደገና እያነሱ ነበር።

"አዎ" አልኩት። "ዛሬ ነው።"